የወረቀቱ ጀርባ

በጆሊን ነዳጅ ማደያ ውስጥ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የቨርሊንና የዱዌይን ነው። ማንም አልሰጣቸውም። ግን ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ሁለቱም ቡናቸውን ይዘው ከጎኑ ይቆሙና ዝም ብለው ያዩታል፤ ሰውየው ራሱ ይነሣል። ቨርሊን ባሌ ነው። ዱዌይን ደግሞ አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ጓደኛው ነው፤ በዚህ የተነሣ በምድር ላይ ስላለው ነዳጅ ሁሉ የሚጠየቀው እሱ ይመስለዋል። እኔ ላቮን እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለነዳሁ፣ ከኋላዬ ጫጫታ እየሰማሁ ፊት ፊቱን ማየት አውቅበታለሁ። በዚያ ዓመት፣ በፕሬዚዳንቱ ዘመን አጋማሽ በሚደረገው ምርጫ ሰሞን ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣብኝ ጫጫታ ከስልሳ ልጅ የባሰ ነበር።

ጆሊን የቤንዚኑን ዋጋ የምትቀይረው ጫፉ ላይ መያዣ ባለው ረጅም ዘንግ ነው። ቁጥሩን ደጅ ካለው የዋጋ ሰሌዳ ላይ ታወርዳለች፣ ሌላውን ትሰቅላለች። ዘንጓን ይዛ ስትወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ጸጥ ብለው አይቼ አላውቅም።

«ሦስት ዶላር ከሰማንያ ዘጠኝ» አለ አንድ ቀን ቨርሊን። «ትናንት ዘጠና አምስት ነበር። ሰማያዊዎቹ ነፍስ ዘሩ ማለት ነው።»

ሰማያዊዎቹና ቀዮቹ የምንላቸው ሁለቱን ትልልቅ ፓርቲዎች ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥልጣኑን የያዙት ሰማያዊዎቹ ነበሩ።

«በስድስት ሳንቲም ነፍስ የሚዘራማ ቀድሞም የሞተ ነው» አለ ዱዌይን። «ሰው ታንኩን ሞልቶ ሲወጣ ኪሱን ይዳብሳል። ኪሱ ነው የሚመርጠው። ቀዮቹ ጠራርገው ይወስዱታል።»

«ያንተ ኪስማ በማንም ዘመን ባዶ ነው።»

«ባዶ ያደረገው ማን ሆነና? ካርታ ስንጫወት አንተ አይደለህ?»

እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። ቨርሊን ለትንቢቱ የማይቆጥረው ነገር አልነበረም። ወደ መኖ መደብሩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በየሰዉ ግቢ የተተከለውን የእጩዎች ስም ያለበት ሰሌዳ ይቆጥራል፤ ነፋስ የጣለውን ግማሽ፣ ባለቤቱ መልሶ ያቆመውን ሙሉ አድርጎ። ዱዌይን ደግሞ ወጣቶቹ አይወጡም፣ ሴቶቹ ይወጣሉ፣ ገበሬው ዘንድሮ ተቆጥቷል እያለ፣ ቤት ለቤት ዞሮ የጠየቀ ይመስል ያብራራል። ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ እንደማያውቅ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ጆሊን ሁልጊዜ በምርጫ ሰሞን ባንኮኒዋ ላይ ሁለት አፈ ሰፊ ጠርሙስ ታስቀምጣለች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ጥብጣብ ታስሮበት። ቡና የገዛ ሁሉ አንድ ፍሬ በቆሎ ወደወደደው ይጥላል። ዱዌይን በቀን አራት ቡና ስለሚጠጣ አራት ጊዜ ይመርጣል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የወረቀት ሳህኖች ይሰቀላሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ትንቢቱን ሳህኑ ላይ ይጽፋል፤ ማን የትኛውን ወንበር እንደሚያገኝ፣ በመንደራችን ስንት ሰው ወጥቶ እንደሚመርጥ። አብልጦ ለተጠጋው ጆሊን በጭስ የበሰለ ሙሉ የአሳማ ጭን ትሸልመዋለች።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ጭኑ አልነበረም። ባለፈው ጥር፣ በረዶው እስከ ጉልበት በደረሰበት ሳምንት፣ ቨርሊን አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ እንዳስገባ ወጥ ቤት ውስጥ ተዘረረ። ልቡ ነበር። ከእሳት አደጋው ጣቢያ የመንደራችን አምቡላንስ በዘጠኝ ደቂቃ ደረሰች። ሐኪሙ «ሃያ ደቂቃ ቢፈጅባት ኖሮ...» አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ያቺ አምቡላንስ ከሌለች ሌላ የምትመጣው ከዋናው ከተማ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ሆኖ እንኳ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። የምትንቀሳቀሰው ደግሞ በየቤታችን ግብር ላይ በምትታከል ትንሽ ክፍያ ነበር፤ ለእኛ ቤት በዓመት የመኪናችንን ታንክ አንዴ ከመሙላት አትበልጥም። የክፍያዋ ዘመን ሊያበቃ ስለነበር በዚያ ምርጫ ሕዝቡ ካላደሳት፣ በጥር አዲሱ ዓመት ሲገባ አምቡላንሷ ትቆማለች።

ክፍያዋ ትታደስ ወይ የምትለው ጥያቄ የታተመችው በድምፅ መስጫው ወረቀት ጀርባ፣ ብቻዋን ነው። ፊቱ በትልልቆቹ ስሞች ሞልቷላ።

«ቨርሊን» አልኩት፣ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆሜ። «የአምቡላንሷስ ነገር? ታልፋለች ትላለህ?»

«እሷማ ምን ጥርጥር አላት። አምቡላንስ የሚጠላ ማን አለ?»

«የሚጠላማ የለም። የሚረሳት ነው የበዛው።»

ዱዌይን እጁን አነሣ፤ ትልቅ መኪና እያሳለፈ ይመስላል። «የኔ እመቤት፣ እኛ እዚህ ስለ አገር ነው የምናወራው።»

«ጥር ላይ ወጥ ቤቴ ውስጥ የተዘረረው አገር አልነበረም፣ ዱዌይን። ይሄ ሰውዬ ነበር።»

ቨርሊን ሳል ሳል አደረገውና ወደ ሰሌዳው ዞረ። «ሰማንያ አራት ገባ» አለ።

ጆሊን ከባንኮኒው ጀርባ ሰምታናለች። «ሚስ ላቮን፣ ለአምቡላንሷም ሦስተኛ ጠርሙስ ላስቀምጥልዎት?» አለችኝ። አስቀመጠች፤ ስሟንም በትልቁ ጽፋ ለጠፈችበት። በሳምንቱ መጨረሻ ቀዩና ሰማያዊው እስከ አንገታቸው ሞልተው፣ በእኔው ውስጥ አሥራ አንድ ፍሬ በቆሎ፣ አንድ የማስቲካ ልጣጭና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ከበቆሎው ሁለቱን የጣልኩት እኔ ነኝ።

የምርጫው ማክሰኞ ደረሰ። እኔ ከአስፈጻሚዎቹ አንዷ ነኝ፤ አውቶቡስ መንዳት ካቆምኩ ወዲህ በየምርጫው እሠራለሁ። ምርጫው የሚካሄደው እሳት አደጋው ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ፣ ለጠረጴዛና ለመጋረጃው ቦታ እንዲገኝ አምቡላንሷን አውጥተው ጠጠሩ ላይ አቆሟት። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ በጎኗ ነው የሚያልፈው። አንዳንዱ እንዲያውም ተደግፏት ሲጋራውን ይጨርስ ነበር። እኔ ግን ቃለ መሐላ የፈጸምኩ ሰው ነኝ፤ «እሷን አትርሱ» ብል ከወንበሬ ያስነሡኛል። የተፈቀደልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ታትሟል፤ ጀርባውንም ይመልከቱ።» እሱን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ጀምሬ ለመጣው ሁሉ አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አልኩት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ባሌና ዱዌይን መጡ።

«ስም» አልኩት።

ቨርሊን አየኝ። «ላቮን፣ አርባ ስምንት ዓመት አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ኖረን ስሜን ትጠይቂኛለሽ?»

«ሕጉ ነው። ስምና መታወቂያ።»

«ብርድ ልብሱን ጠቅልላ የምትወስደው እሷ ናት» አለው ለዱዌይን፣ መታወቂያውን እያወጣ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። «በሁለቱም በኩል ታትሟል፤ ጀርባውንም ይመልከቱ።»

ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም። ወረቀቱን የሚውጠው ማሽን ላይ የመራጩን ብዛት የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ አንገቱን ወደዚያ አስግጓል። «መቶ ሠላሳ ሁለት» አለ። «ሰማህ፣ ዱዌይን? ባለፈው በዚህ ሰዓት ዘጠና አልሞላም ነበር። በዚህ አያያዝ ከአራት መቶ ያልፋል።»

«ገበሬው ተቆጥቷል አላልኩህም?»

ልደግምለት አፌን ስከፍት ስሟ መዝገቡ ላይ የጠፋባት ሴትዮ መጣችብኝ። የእሷን ፈልጌ ቀና ስል ቨርሊን መርጦ ጨርሶ፣ «መርጫለሁ» የሚለውን ክብ ወረቀት ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ከበሩ አጠገብ ሰልፉን በጣቱ ይቆጥራል።

ከምሽቱ አንድ ተኩል ላይ በሩ ተዘጋ። ማሽኑ ረጅም የወረቀት ጥቅልል ተፋ፤ የእኛ ኃላፊ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። የመረጠው ሰው አራት መቶ ሠላሳ አንድ። የአምቡላንሷ ክፍያ ይታደስ ያለ መቶ ሰማንያ ስምንት። አይታደስ ያለ መቶ ዘጠና ሁለት። ምንም ያላለ ሃምሳ አንድ።

በአራት ድምፅ። አይሆንም ላሉት አልተናደድኩም፤ ግብር የከበደው ሰው አለ፣ ገልብጦ አንብቦ አይሆንም ብሏል፣ መብቱ ነው። አንጀቴን ያሳረሩኝ ሃምሳ አንዱ ናቸው። በጎኗ አልፈው ገብተው፣ በጎኗ አልፈው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ቨርሊን ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል። ጆሊን ጋ ስደርስ ግድግዳው ከሳህን ጸድቶ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ የእሱ። የአካባቢያችንን ወንበር ቀዮቹ ይወስዳሉ ብሎ ነበር፣ ወሰዱ። የላይኛውን ምክር ቤት ወንበር ሰማያዊዎቹ በእጃቸው ያስቀራሉ ብሎ ነበር፣ አስቀሩ። የመንደራችንን መራጭ አራት መቶ ሃያ ስምንት ብሎ ጽፏል፤ በሦስት ሰው ብቻ ሳተ። የአሳማው ጭን በቀይ መረብ ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቨርሊን ከጎኑ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ለዱዌይን ትምህርት ይሰጣል።

«ነገሩ ዋጋው አይደለም፤ የዋጋው አካሄድ ነው። ሲወርድ የከረመ ዋጋ...»

«አምቡላንሷ ወደቀች» አልኩ።

ዞሩ።

«በአራት ድምፅ። ሃምሳ አንድ ሰው ወረቀቱን ሳይገለብጥ ሄደ።»

«ጀርባ ነበረው እንዴ?» አለ ዱዌይን።

ጆሊን የምትወለውልበትን ጨርቅ አስቀመጠች። እኔ ዱዌይንን አልነበረም የማየው። ባሌ ቆቡን አወለቀ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ አጠለቀ። አርባ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ቆቡን ሲያወልቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ቨርሊን።»

«አቤት።»

«ገለበጥከው?»

«ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር እያየሁ ነበር» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ነግረሽኝ ነበር እንዴ?»

«አራት መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ። አንዱ ላንተ ነበር።»

 እዚያው ልጮህበት ዝግጁ ነበርኩ፤ ግን ከንፈሩ ጥር ላይ እንደነበረው ገርጥቶ ሳየው ተውኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ይህ ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በፀደዩ ምርጫ እንደገና ሊቀርብ ይችላል» አለ። «በፀደይ ታዲያ የመራጩ ቁጥር ይወርዳል። ሠላሳ በመቶ ብንል፣ ቤንዚኑም በዚያ ጊዜ...»

ተነሣሁ። ሳህኑን ከግድግዳው ላይ አወረድኩና ገልብጬ ፊቱ አስቀመጥኩት። የጆሊንን እስክሪብቶም ጨመርኩለት።

«ምን ልጻፍበት?»

«ስም። ስለ አምቡላንሷ ሄደህ በራቸውን የምታንኳኳባቸውን ሰዎች ስም። ትንቢት አንዲት እንዳትጽፍብኝ።»

 መጀመሪያ «ዱዌይን» ብሎ ጻፈ። ዱዌይን እስክሪብቶውን ቀማውና ከሥሩ «ቨርሊን» አለበት።

ሰኞ ሁለቱም የመንደሩ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ጥያቄዋ በፀደይ እንደገና እንድትቀርብ ለመኑ። ዱዌይን ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲናገር ማየት ራሱ ለሰው የሚወራ ነገር ነው። ተፈቀደላቸው። ጭኑ ግን ሳምንት ሙሉ ማቀዝቀዣችን ውስጥ ቢላዋ ሳይነካው ከረመ፤ በመጨረሻ ቨርሊን ምንም ሳይል አውጥቶ አምቡላንሷ ላይ ለሚሠሩት ልጆች ወሰደላቸው።

እንዲህም ሆኖ ከአዲሱ ዓመት እስከ ፀደዩ ምርጫ አራት ወር አለ፤ አምቡላንሷም በአዲሱ ዓመት ቆመች፣ ቁልፏ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። በረዶው ሲጀምር እኔ ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ሁለት ጊዜ ነድቼ ለካሁት። የከተማዋን አምቡላንስ ከመጠበቅ እኔው ብወስደው፣ ከእኛ ደጅ ሠላሳ አራት ደቂቃ ነው፤ ድልድዩ በረዶ ካልያዘ። አውቶቡስ የነዳሁባቸው ዓመታት ለአንድ ነገር ጠቀሙኝ። የቨርሊን ጫማዎች አሁን በር ሥር ናቸው፣ ማሰሪያቸው ተፈቶ። መኪናውም አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሮ ነው የሚያድረው፣ ታንኩ ሁልጊዜ ሙሉ።

ትናንት ጆሊን ጋ ስንቆም ዘንጓን ይዛ ወጥታ ነበር። ቨርሊን የቤንዚኑን ቱቦ ታንኩ ውስጥ ሰክቶ ቀና አለ። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን አየ፣ ዘጠኙን አየ፣ ሌላኛው ቁጥር እስኪሰቀል ጠበቀ። አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ።

«ዝም ብለህ ሙላ» አልኩት።