ከስድስቱ ሦስተኛው

የትምህርት ቤቱን መምህራን የቡድን ፎቶ ስድስት ጊዜ አንስተውታል። ሃያ ሰባት ሰው እኩል ዓይኑን ገልጦ አይገኝምና የፎቶ ቤቷ ሠራተኛ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስቱን በኮምፒውተር ትደራርባለች፤ ከአንዱ የርእሰ መምህሩን ፊት፣ ከሌላው የሒሳብ መምህርቷን ፈገግታ እየወሰደች አንድ ፎቶ ታደርጋቸዋለች።

ሃያ ስድስቱን እስከ ምሳ ጨረሰች። የቀረው የጂኦግራፊ መምህሩ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈተና ሊያባዛ እየመጣ ሲያጫውታት የኖረው፣ አሁን ዝውውር ደርሶት ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ የተዘጋጀው። በአምስቱ ላይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ደርቆ ካሜራውን ያያል። ሦስተኛው ሲነሣ ግን በስተቀኝ ወንበር ወድቆ ሁሉም ወደዚያ ዞረዋል። እሱ ብቻ ወደ ግራ ያያል፤ እሷ ብርሃን መመለሻውን ነጭ ሰሌዳ ይዛ ወደቆመችበት።

አጎላችው። ሰሌዳውን ነው ወይስ እሷን? ይበልጥ ባጎላችው ቁጥር ዓይኖቹ ካሬ ካሬ ሆኑባት።

«አንቺ ልጅ፣ እንቁላል ታቅፈሻል እንዴ?» አላት ባለ ፎቶ ቤቱ ከጀርባዋ። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ የት ነው የሚያየው? ካሜራ የሚያየውን አድርጊለት።»

«እሺ ጋሼ።»

አላደረገችም። የሦስተኛውን ፊት አስገብታ አተመችው።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ የራሱን ቅጂ ሊወስድ መጣ። ከፖስታው አውጥቶ አየና ቅንድቡን ሰቀለ።

«ሰው ሁሉ ካሜራውን ሲያይ እኔ ብቻ ልገላምጥ?»

«በሌሎቹ ላይ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር።»

«በአምስቱም?»

«በአምስቱም።»

«ተኝቼ እንኳ ዓይኔ በደንብ አይገጥምም። እናቴን ጠይቂያት።»

ሊያስቃት ነበር፤ አልሳቀችም። ጆሮዋ ጋለ። ነገ ማለዳ እንደሚሳፈር ታውቃለች፤ ዛሬ ካልጠየቀችው መቼም አትጠይቀውም።

«ያን ጊዜ… ሰሌዳውን ነበር የሚያዩት?»

መምህሩ ፎቶውን ቀስ ብሎ ወደ ፖስታው መለሰ።

«ሰሌዳ ማን ያያል?»

ከውስጥ የማተሚያው ድምፅ ይሰማል።

«ምነው ይሄን አምና በጠየቅሽኝ» አለ በመጨረሻ።

«አምናማ መች ፎቶ ተነሡ?» አለችው፤ ቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ድምጿ ከዳት።