ነጭ ወንበር ላይ የተነጠፈ ጆንያ

ሐጂ ሙሐመድሳኒ አዲሷን መኪና ከዱባይ አስመጥተው ጅማ ያስገቡ ዕለት፣ የጊንጆ ሰፈር ሰው ተንጋግቶ ያየው ቀለሟን ወይም ጎማዋን አልነበረም፤ ውስጧን ነበር። የፊትም የኋላም ወንበሮቿ ነጭ ቆዳ ለብሰው፣ ገና እንደታለበ ወተት አረፋ ለዓይን ይለሰልሳሉ። ጭቃው ቀይ፣ አቧራው ቀይ፣ የእሸት ቡናው ጭማቂ ቀይ በሆነበት አገር ነጭ ወንበር! «ይቺ የሙሽራ መኪና እንጂ የቡና ነጋዴ መኪና አይደለችም» አለ ያያት ሁሉ። ሐጂ ሳቅ ብለው ቁልፉን ለሾፌራቸው ለአብዱልሃዲ ሰጡት። አብዱልሃዲም በሁለት እጁ ተቀበለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። ኪሱ ውስጥ ከመሐረብ ሌላ ለወንበሩ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ጨርቅ ይይዛል። የሚሳፈረው ሁሉ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። «ልንሰግድ ነው እንዴ?» ብሎ ያላገጠ አንድ ደላላ ነበር፤ እሱም አወለቀ። ሐጂ ራሳቸው እንኳ ከቡና ማጠቢያው ሲወጡ ሾፌራቸው ጫማቸውን በዓይኑ ሲከተል ያዩና፣ «እሺ፣ እሺ፣ ባለቤቱ!» እያሉ ጎንበስ ብለው ያወልቁለታል።

ጊንጆ ውስጥ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታው ቱሉ ግን አይምረውም ነበር።

«ስማ ሀዲ» ይለዋል፣ ከመነዳሪው የፈነዳበትን ጎማ በብረት እየፈለቀቀ፤ «መኪና ማለት ሞተር ነው። ሞተርና ጎማ። የቀረው ሶፋ ነው።»

«ሶፋ! አንተ ሶፋ በል። ሻጩ በስልክ ለሐጂ ሲነግራቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የዋጋዋ ግማሽ ውስጧ ነው።»

«እንግዲያው ሸውደዋቸዋል። በዚያ ግማሽ እኮ አይሱዙ ይገዛል።»

«አይሱዙ ውስጥ ተኝተህ ታውቃለህ?»

«ተኝቻለሁ እንጂ! ቡና የሞላ ጆንያ ላይ፣ ተንፈላስሼ!» ቱሉ ይህን ሲል አየር ሊያስሞሉ የቆሙት የባጃጅ ልጆች በሳቅ አውካኩ። «ደግሞ በመብራት ትሄዳለች አሉ፤ እውነት ነው?»

«በግማሽ። ቀስ ስትል በባትሪ ነው፤ ድምፅ የሚባል የላትም። ስትፈጥን ነው ሞተሩ የሚነሳው።»

«ኤዬ! መብራት ሲጠፋ አንተም ቆመህ ቀረሃ!» ቱሉ ሳቁን ጨርሶ ብረቱን አስቀመጠ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ወንድሜ። በዋጋዋ አንተ አትከራከር።»

አብዱልሃዲ ግን ይከራከር ነበር፤ ምክንያቱን ለቱሉ ሊያስረዳው አልቻለም እንጂ። ያደገው ከሊሙ ገነት ወጣ ብላ ባለች የቡና መንደር፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ከሰው መደማመጥ በማይችልበት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ፍየሉ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ጎረቤት ይጣራል። አሁን ግን ማምሻውን መኪናዋን የሐጂ ግቢ ካስገባ በኋላ ጫማውን አውልቆ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና በሩን ይዘጋል። ዓለም ጸጥ ትላለች። የባጃጁ ጩኸት፣ የገበያው ጫጫታ፣ ውሻው፣ ሁሉም ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል። ቆዳው እንደ ሰው ገላ ሙቀት ይቀበላል። እዚያ ተቀምጦ የሚያልመው ስለ ራሱ አልነበረም። አንድ ቀን አባቱ በዚህ በር ሲገቡ፣ በዚህ ወንበር ላይ ደገፍ ሲሉ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» ሲሉት ያያል። ዋጋዋ ለእሱ ያ ነበር። በሕልሙ ታዲያ አባቱ ሁልጊዜ የዒድ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ነበር።

በሁለት ሺህ ስምንት ህዳር፣ ለቀማው በተጋጋለበት ሰሞን፣ አብዱልሃዲ ሐጂን ይዞ ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያው ጋ እንዳለ እህቱ ለጢፋ ደወለች።

«ሀዲ፣ አባ ዓይናቸውን ተመቱ።»

አባቦራ፣ አባቱ፣ የቡናውን ቅርንጫፍ ወደ ታች ጎትተው ሲለቅሙ አምልጧቸው ተመንጥቆ ቀኝ ዓይናቸውን ገርፏቸው ነበር። ለቀማ አይቆምምና ውሃ ረጭተው፣ ጨርቅ አስረው፣ ለማንም ሳይነግሩ ሰነበቱ። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አይሠራም። የሚያዩት በዚያች በተመታችው ነበር። እሷም አብጣ፣ መግል ይዛ፣ ተከድና ቀረች። የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ «ዛሬውኑ ጅማ ሆስፒታል ካልደረሱ ዓይኑ አይተርፍም፤ ነገ አይባልም» አለ።

አብዱልሃዲ ለሐጂ ሲነግራቸው ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አላስጨረሱትም። «መኪናዋን ይዘህ ሂድ። ምን ቆመህ ታየኛለህ? አባትህ አባቴ አይደለም? በል ፍጠን!»

መንደሩ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ግማሹ ለአባቦራ፣ ግማሹ መኪናዋን ለማየት። ለጢፋ አባቷን በእጃቸው ይዛ ከጓሮ አወጣቻቸው። ሱሪያቸው በቡና ጭማቂ ደርቆ እንደ ጣውላ ቆሟል። ቦቲ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ዓይናቸው ላይ የታሰረው ጨርቅ ቢጫ ፈሳሽ አርሶት ጉንጫቸው ድረስ ወርዷል።

አብዱልሃዲ በሩን ከፈተ። ነጩ ወንበር በፀሐይ ቦግ አለ።

ከዚያ ያደረገውን እጁ ነው ያደረገው፤ ልቡ አልመከረበትም። ከኋላ ከዕቃው ቦታ አንድ ባዶ ጆንያ መዘዘ፤ ሐጂ ቡና የሚሞሉበትን፣ ሻካራውን። አራግፎ ወንበሩ ላይ ዘረጋው፤ ጠርዙንም በመዳፉ እየዳበሰ ቆዳው እንዳይታይ አደላደለው።

«ሀዲ!» አለች ለጢፋ በሹክሹክታ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም በይ። አያዩም እኮ።»

አባቦራ ቆሙ። ቦቲያቸውን ሊያወልቅላቸው ጎንበስ ሲል እግራቸውን ሰጡት፣ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። እጃቸውን ዘርግተው በሩን ዳበሱ፤ ቀጥሎ ወንበሩን። መዳፋቸው ጆንያው ላይ አረፈ። ከልጅነት እስከ ሽበት ጆንያ ሲሞላ፣ ሲሰፋ፣ ሲሸከም የኖረ መዳፍ ነው። ጣቶቻቸው ክሩን አንድ ጊዜ አሸት አደረጉ።

«ጆንያ ነው» አሉ።

«ወንበሩ ነጭ ነው አባ። ቆዳ ነው። እንዳይነካ ብዬ ነው…»

«እንዳይነካ።»

«የእኔ ቢሆን ኖሮ… የሐጂ ነው እኮ።»

«ሐጂ ናቸው ጆንያ አንጥፍለት ያሉህ?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ ግን ሰው ሁሉ ያዳምጣል። አባቦራ እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ።

«ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አልታወረም፣ አብዱልሃዲ። ጆሮዬም ይሰማል። ልጅ ሳለህ ታይፎይድ ይዞህ በዚህ መንገድ ተሸክሜህ ስሄድ ጀርባዬ ላይ ሸንተሃል፣ አስመልሰሃል። ያነጠፍኩት ነገር አልነበረም።»

«አባ፣ አነሳዋለሁ፤ ይኸው አነሳሁት!» ጆንያውን ጎትቶ ጭቃው ላይ ወረወረው።

«ወላሂ፣ እዚህ መኪና ውስጥ አልገባም።»

መሐላው ከአፋቸው ሲወጣ ሕዝቡ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ቀረብ ብለው፣ «አባቦራ፣ ሰይጣን ነው እንዲህ ያስባለህ። ግባ። መሐላህን ሦስት ቀን ጾመህ ትፈታዋለህ» አሏቸው።

«ጾሙንስ እጾመዋለሁ» አሉ አባቦራ። «ልቤ ነው የማይገባልኝ። ለጢፋ፣ ቦቲዬን ስጪኝ።»

አባትን እንደ ዕቃ በጉልበት አንስቶ የሚጭን በዚያ መንደር አልተወለደም። የበትራቸውን ጫፍ ለጢፋ ይዛ፣ ሌላውን ጫፍ እሳቸው ይዘው፣ ወደ ዋናው መንገድ ጉዞ ጀመሩ።

አብዱልሃዲ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተከተላቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ ራሱም ልብ አላለውም። ቀስ ብላ ስለምትሄድ በባትሪ ነበር፤ ጎማዋ ጠጠር ሲረግጥ ከሚሰማው በቀር ትንፋሽ እንኳ የላትም። ከፊቱ የአባቱ ጀርባ፣ የላብና የጭቃ ሸሚዛቸው፣ መሬቱን እየሞከረ የሚራመድ እግራቸው። ልጃቸው በጥቂት ክንድ ርቀት ከኋላቸው እንዳለ አያዩም፤ አይሰሙም። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ሀዲ ሄደ?» ሲሉ በተከፈተው መስኮት ሰማ።

ለጢፋ ዞራ አየችው። እሱ ዓይኑን ወደ መሪው ሰበረ። እሷም በትሩን ሳብ አደረገች።

መንገድ ዳር አንድ አይሱዙ ደርሶ አሳፈራቸው። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከላይ፣ ከተደረደረው የቡና ጆንያ ላይ ሰዎች ሽቅብ ጎትተው አወጧቸው። አብዱልሃዲ አቧራውን እየጠጣ ከኋላ ነዳ። ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርሱ የአይሱዙው ጎማ ፈነዳ፤ ቅያሪው ደግሞ ቀድሞውኑ የፈነዳ ነበር። ረዳቱ ጎማውን በሞተር ሳይክል አስጭኖ ሊያስለጥፍ ሄዶ ሳይመለስ መሸ። የሚያልፈው መኪና ሁሉ በለቃሚ ተጨናንቆ ነበር፤ የሚቆምላቸው ጠፋ። ባዶ የነበረችው አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ በሮቿን ከፍታ፣ ነጭ ወንበሮቿን እያሳየች፣ አጠገባቸው ቆማ።

አብዱልሃዲ አይሱዙው ላይ በጎማው ተንጠላጥሎ ወጣ። «አባ፣ እግርዎን ልሳም። ቦቲዎን እንዳደረጉ ይግቡ። ይትፉበት፣ ይርገጡት። ዓይንዎ ነው አባኮ፣ ዓይንዎ!»

አባቦራ ከጆንያው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ትኩሳቱ ከንፈራቸውን አድርቆታል።

«እዚህ ይሻለኛል» አሉ በዝግታ። «እዚህ የማበላሸው ነገር የለም።»

ጅማ የገቡት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። የዓይን ሐኪሟ ጨርቁን ፈታ አየች፣ እንደገና አየች፣ «ትናንት ከሰዓት እንኳ ብትመጡ…» ብላ ተወችው። ዓይኑ ወጣ። የሌላውን ሞራ ስትጠየቅ፣ ከሞራው ጀርባ ያለውም ነርቭ ከተጎዳ እንደቆየ፣ ቢገፈፍም ከብርሃንና ከጥላ በቀር እንደማያይ ነገረቻቸው።

አብዱልሃዲ አልጋው ግርጌ ቆሞ ዋለ። ሊጠይቅ የመጣው ዘመድ ሲበታተን አባቱ ድንገት ጠሩት።

«አብዱልሃዲ። ነጭ ነው አይደል ያልከኝ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ጥሩ። በንጽሕና ያዘው።»

ድምፃቸው ላይ ቁጣ ፈለገ፤ ቁጣ አላገኘበትም። ቢቆጡት ኖሮ እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር። ሥራውን የሚያስተካክል ሰው በሚመከርበት ድምፅ ነው የመከሩት፤ ከዚያ ወዲያ አንስተውትም አያውቁ። ወደ መንደር የተመለሱት በሕዝብ ማመላለሻ ነው።

ሐጂ ሙሐመድሳኒ ነገሩን ዘግይተው ሰሙ። ግቢያቸው ውስጥ መኪናዋን ሲያጥብ አጠገቡ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ» አሉ፤ «ያለፈው ዓረፋ አንተ ለበዓል ቤተሰብህ ጋ በሄድክበት፣ ልጄ አንዋር ሁለት በግ የኋላ ወንበር ላይ ጭኖ አመጣ። አበላሽተውባት ነበር። በውሃና በሳሙና አጠቡት፤ ለቀቀ። አንተ ስትመለስ እንኳ አላወቅክም።»

አብዱልሃዲ ጨርቁን እንደያዘ ወንበሩን አየው። ስፌቱን አንድ በአንድ ያውቀዋል። በጎቹ የተኙበት የትኛው ጋ እንደሆነ ፈለገ፤ ምልክት የለም። ምነው አንዲት ነጥብ እንኳ በቀረች ብሎ ተመኘ። ነጭ ነበር።

ሥራውን አልለቀቀም፤ ለቅቆ የት ይሄዳል? ቱሉ ዘንድ ጎማ ሊያስነፋ ሲሄድ የባጃጅ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው፣ «ሀዲ፣ የሶፋዋ ዋጋ ስንት ደረሰ?» ሲሉ ቱሉ በዓይኑ ይገስጻቸዋል። ያ ደግሞ ከቀልዱ የባሰ ሆነበት። ማምሻውን የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ተወ። በሩ ሲዘጋ የሚመጣው ያ ጸጥታ አሁን «አያዩም እኮ» የሚል የራሱ ሹክሹክታ ያለበት ነው።

ወደ ሊሙ ገነት ለብቻው በተላከ ቁጥር ግን በመንደሩ በኩል ይዞራል። ቀስ ይላል፤ መኪናዋ ወደ ባትሪዋ ትመለሳለች። አባቦራ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ከገለባ በጣታቸው ይለያሉ፤ ጣታቸው አሁንም አይሳሳትም። ከአጥሩ ፊት ለፊት ያቆማታል። ሳይወርድ፣ ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ነጩ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

አንድ ቀን አባቱ ጣታቸውን አቁመው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ማነው?» አሉ።

አብዱልሃዲ ትንፋሹን ያዘ። ነፋሱ ቅጠሉን አንኮሻኮሸ። ሽማግሌው ትንሽ ጠብቀው፣ ማንም አለመኖሩን አምነው፣ ወደ ቡናቸው ተመለሱ። መኪናዋም ምንም ሳይሰማ ከዚያ ራቀች።