ቀኑ ያልሞላ ግብጦ

ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ በየእሑዱ ለወይዘሮ ሙሉ የሚቀመስ ነገር ይዛ የምትመጣው ልጃቸው እመቤት ብቻ ነበረች። አብራቸው የምትኖረው የወንድ ልጃቸው ሚስት መስከረም በየቀኑ ብታበስልም፣ የሚመሰገነው የእመቤት እጅ ነበር።

እመቤት አንበሳሜ ገበያ ላይ ግብጦ አገኘች። በልጅነቷ ኪሷን ሞልታው ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር፤ ሌላ አገር በሠራችባቸው ዓመታት ግን አልቀመሰችውም። ቆልታ በከረጢት ቋጠረችውና ምሬቱ እንዲወጣ ከወራጅ ውኃ ነከረችው። አምስት ቀን እንደሚፈልግ ታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ልታየው ወንዝ ስትወርድ፣ መስከረም ከእሷ ከፍ ብላ ሌላ ከረጢት ስታገላብጥ አገኘቻት።

«ግብጦ ነው?»

«አዎ እትዬ። እማማ አማረኝ ሲሉ ሰምቼ ነው። የኔ ነገ ይደርሳል።»

እመቤት የራሷን በዚያው አወጣች፤ ልጣ፣ ጨው ነስንሳ ለእናቷ አቀረበች።

ወይዘሮ ሙሉ አንድ ፍሬ አኝከው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ቀኑ ሳይሞላ ምን አስቸኮለሽ? ቅናት እንኳ እንዲህ አይመርም!»

«የምን ቅናት እማዬ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። መልሰሽ ንከሪው።»

መልሳ ነከረችው። ከሁለት ቀን በኋላ ስታመጣው ምሬቱ ፈጽሞ ለቆ ነበር፤ እናቷም «አሁን ገና ግብጦ ሆነ» አሉ። ነገር ግን ከመስከረም ግብጦ አንድ ጣሳ ሙሉ በልተው ስለነበር፣ ከእመቤት ሳህን ያነሱት ሰባት ፍሬ ነው።