የትከሻው እብጠት

"እብጠቱን ታሺው ነበር?" አለ ሐኪሙ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ሉብና ደነገጠች። "ሦስት ወር ሙሉ፤ ጠዋት ማታ በቅቤ።"

አባቷ ሀሚዱ ዕድሜውን ሙሉ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። ቀኝ ትከሻው ላይ ሎሚ የምታህል እብጠት ስትወጣ፣ የመረብ ገመድ ቢጎዳው ነው ተባለ። እያደር ብርቱካን አከለች። ሳሉንማ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት፤ ውሃ ላይ የሚውል ሰው ብርድ አያጣውም። ታንኳ መቅዘፍ ሲያቅተው ነው ሉብና ደሴ ያመጣችው። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ደረቱም በሲቲ ስካን ታየ። ዛሬ ውጤት ሊሰሙ ሲመጡ ነርሷ አባቷን ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ እሷን ብቻ አስገባቻት።

"ማሸቴ ነው ያባባሰበት?"

"አይደለም እህቴ፤ በዚህስ ራስሽን አትውቀሺ። በሽታው ከትከሻው አልጀመረም።" የደረቱን ምስል ወደ እሷ አዞረላት። "መነሻው ይኸው፣ ሳንባው ላይ ነው። ካንሰር ነው። ከዚህ ተነስቶ ነው የትከሻው ጡንቻ ውስጥ የገባው።"

"ይድናል?"

"ጨርሶ ማዳኑ ይከብዳል። ሕመሙን ማስታገስ፣ ዕድሜም መጨመር ይቻል ይሆናል። የሚታከመው ግን እሱ ነው፤ ፈቃዱን እንፈልጋለን።"

ከክፍሉ ወጥታ፣ ከአባቷ ራቅ ብላ ለአጎቷ ለኑርዬ ደወለች።

"ወላሂ ይህን ከሰማ ዛሬውኑ ይሞትብናል!" አለ ኑርዬ። "ብርድ ነው በይው። ሌላውን እኛ እንመክርበታለን።"

እሺ ብላ ዘጋች። ብርድ ነው፣ ብርድ ነው እያለች በልቧ እየደጋገመች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ሀሚዱ የሸሚዙን ቁልፍ በግራ እጁ ለመቆለፍ ይታገላል። ቆለፈችለት።

"ኑርዬ ነው?"

"እሱ ነው። ሰላም ይልሃል።"

"ለእሱ ተነገረው፤ ለአንቺ ተነገረሽ።" ቀና ብሎ አያት። "ገላው የኔ አይደለም እንዴ፣ ሉብናዬ?"

ሐኪሙ የሌላ ታካሚ ስም ሲጣራ ተሰማ።

"ተነስ አባ" አለች ደህናውን ክንዱን ይዛ። "ሐኪሙ ራሱ ይንገርህ። እኔም ካጠገብህ አልለይም።"

ተረኛውን ሰው አንድ አፍታ እንዲታገሣቸው ለምና፣ በሩን ከፍታ አባቷን አስቀደመች።