መሬት ያልነካችው ዳዶ

ቅጭል አለች። ከዚያ ቃ፣ ቃ፣ ቅጭ። ከዚያ ጸጥ።

ልብስ ሰፊው ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ከእጅ ያመለጠች የቡሎን ዳዶ ወጓ ይታወቃል፤ አንዱን ብረት ትመታለች፣ ሌላውን ትመታለች፣ በመጨረሻ ሲሚንቶው ላይ አርፋ ትንከባለላለች። ሰውም ጎንበስ ብሎ፣ ረግሞ ያነሳታል። ይህችኛዋ ግን ሲሚንቶውን ሳትነካ ቀረች። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት እንደለበሰ፣ ከተከፈተው የመኪና ኮፈን ሥር ተደፍቶ ጆሮውን አቆመ። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ምንም የለም።

“መሬት አልወረደችም” አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ልክ በስድስት ሰዓት ታላቅ ወንድሙ ጎታች መኪና አስከትሎ ይመጣል። ውላቸው አጭር ነው። የወንድሙ አሮጌ ቀይ መኪና እስከዚያ ካፏጨች ትቀራለች፤ ካላፏጨች ተጎትታ ሄዳ፣ ተጨፍልቃ ቁርጥራጭ ብረት ትሆናለች።

መኪና ደግሞ እንዴት ያፏጫል የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህች የምታፏጨው በቱርቦዋ ነው። ቱርቦ የሁለት ቡጢ ያህል የሆነች፣ ቀንድ አውጣ የመሰለች ዕቃ ናት። ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ያሽከረክራታል፤ እሷ ደግሞ ስትሽከረከር ለሞተሩ አየር በግድ ታጎርሰዋለች። በጎረሰ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ ፉጨቱም እየቀጠነ ይሄዳል። ወንድምየው በወጣትነቱ በዚህች ባለ ሁለት በር መኪና ዳገት ሲወጣ ከሦስት ሰፈር ማዶ ይሰማ ስለነበር “ፉጨት” የሚል ስም አወጡለት። ልብስ ሰፊው ያኔ ልጅ ነው። ድምፁን ሲሰማ የያዘውን ጥሎ “ጋሼ መጣ!” እያለ ወደ በር ይበር ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቀን ፉጨቷ ተቋረጠ። አንዱ መካኒክ ሞተሩ ይቀየር አለ፤ ሁለተኛው ቱርቦዋን አውጥታችሁ ጣሏትና በሰላም ኑሩ አለ፤ ሦስተኛው ራሱን ነቅንቆ እጁን ታጠበ። ወንድምየው ሸራ አለበሳትና ስሟን ዳግም አላነሳም። ሳቁም አብሮ ሸራ ለበሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቀረው ቅጽል ስሙ ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊው “እኔ እሠራታለሁ” ሲል የሰፈሩ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መንዳት እንኳ አይችልማ!

ሁለት ወር ታግሎ የተረዳው ነገር ቢኖር፣ የእነዚህ አሮጌ ባለ ቱርቦ መኪኖች ጥገና ቀላል መሆኑን ነው፤ እጅ ከደረሰበት። በሽታዋን ያገኘው በሦስተኛው ቀን፣ በሳሙና አረፋ ነው። ቱቦዎቹን አረፋ ቀብቶ በብስክሌት መንፊያ ቢነፋባቸው፣ ከሥር በኩል፣ ዓይን በማያገኘው እጥፋት ላይ አረፋው ፈላ። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ! ብቻውን ጨፈረ። ጭፈራው የቆየው ጎማውን ለማውጣት እስኪነሳ ድረስ ነው። ጎማው እንዲወጣ ደጋፊው ብረት ይፈታ፤ ብረቱ እንዲፈታ የውሃው ቧንቧ ይነሳ፤ ቧንቧው እንዲነሳ ባትሪው ከነመቀመጫው ይውጣ። አንድ የቁልፍ ቀዳዳ ለማስፋት ኮቱን በሙሉ እንደመተርተር ነው። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ለቱርቦዋ ዘይት የምታጠጣዋ ቀጭን ቧንቧ በተቃጠለ ዘይት ተደፍና ጠበቀችው። አንዱን የዛገ ቡሎንማ ሦስት ቀን ሙሉ ነጭ ጋዝ እያጠጣ ለመነው።

የደረሰለት የገዛ ሙያው ነው። ልብስ የሚነድፍበትን ወረቀት ግድግዳው ላይ ወጥሮ፣ ሞተሩን እንደ ኮት ቅድ በጠመኔ ሳለ፤ የፈታውን ቡሎን ሁሉ ሥዕሉ ላይ በተፈታበት ቦታ በክር ሰፋው። ሲገጥም ክሩን እየበጠሰ ነው። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱ ላይ የቀረችው አንዲት ዳዶ ብቻ ነበረች። “አለቀ!” ብሎ፣ ዕቃ እንዳይገባ የቱርቦዋ አፍ ላይ ጠቅጥቆት የነበረውን የሱፍ ቁራጭ መዝዞ ወደ ሰማይ ወረወረው። ዳዶዋ ያመለጠችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቱርቦዋ አፍ ተከፍቶ እያለ።

ሞተሩን አስነስቶ መሞከር የሚባል ነገር የለም። ውስጥ ያለችው ባለ ምላጭ መዘውር ዳዶ ካገኘቻት በአንዴ ትፈራርሳለች። መርፌ የሚለቅምበትን ማግኔት በክር አስሮ፣ በሞተሩ ብረቶች መካከልም በቱርቦዋ አፍም ሲሰድና ሲስብ አንድ ሰዓት ፈጀ። ማግኔቱ ሁለት መርፌና አንድ የዛገ ምስማር ይዞ ወጣ። ያኔ ነገሩ ትዝ አለው፤ የዛጉትን ዳዶዎች በሙሉ በማይዝግ ብረት ተክቶ ሲኩራራ ከርሟል። እሱን ደግሞ ማግኔት አይስበውም።

“ኧረ ምን ጉድ ነው!” ብሎ ጮኸ።

“ማን ሞተ?” የጎረቤቱ፣ የጡረተኛዋ አዋላጅ ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

“ዳዶ ገባችብኝ፣ እትዬ! ቱርቦዋ ውስጥ! ማግኔት አይስባት፣ እጄ አይገባ፣ አለቀልኝ!”

“አላለቀልህም። ቆይ እጄን ልታጠብ።”

“እትዬ፣ ዘይት እኮ ነው። መታጠቡ ምን ያደርጋል?”

“ልማድ ነው፣ ዝም በል።”

እጅጌያቸውን ጠቅልለው መጡ። እጃቸው የሕፃን እጅ ያህላል። ጣታቸውን ወደ ቱርቦዋ አፍ ሰደዱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“አንተ በዓይንህ ነው የፈለግካት። እኔ አርባ ዓመት ሳላይ ነው የሠራሁት። ምላጭ ነገሮች አሉ።”

“እነሱን እንዳይገፏቸው!”

“ከሥራቸው ደግሞ… አለች። ተጋድማለች።”

“አለች?!”

“አትጩህ፣ ትደነግጥብኛለች። ትነካለች እንጂ አትያዝም። የሚያጣብቅ ነገር የለህም?”

ልብስ ሰፊው ግንባሩን መታ። ሰም! ክሩን የሚያሽበት ሰም! የኮት መስቀያ ሽቦ አቃንቶ ጫፉ ላይ ሰሙን በትንፋሹ እያሞቀ ለጠፈና አቀበላቸው። አዋላጇ ሽቦውን በጣታቸው እየመሩ አስገቡ። ተጫኑ። ልክ በዚያች ሰዓት ከበሩ ውጭ የጎታቹ መኪና ጥሩምባ ግቢውን አናወጠው። ልብስ ሰፊው ዘለለ፤ የእሳቸው እጅ ግን ፍንክች አላለም።

“ነይ እንግዲህ… ቀስ… ቀስ እያልሽ… ወጣች! ሴት ናት!”

ዳዶዋ ሰሙ ላይ ተጣብቃ እያብረቀረቀች ወጣች። ልብስ ሰፊው ዘይቱንም ረስቶ ጉንጫቸውን ሳመ። ታላቅ ወንድሙ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከጎታቹ ሾፌር ጋር ሲገባ ያገኛቸው ተቃቅፈው ነው።

“እትዬ፣ እርስዎም ሞተር ውስጥ ገቡ?”

“ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ አልወጣም።”

“ጋሼ፣ ቀድመህ መጣህ፤ ገና አሥራ አምስት ደቂቃ አለኝ” አለ ታናሽየው። ወንድምየው ሰዓቱን አየና ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት፣ የተበጠሱትን ክሮች ማየት ጀመረ።

ዳዶዋ ቦታዋ ገባች፣ ጠበቀች። አዲሱ የጎማ ቱቦ ተገጠመ። ልብስ ሰፊው ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳለና ጠፋ። ደግሞ ሳለና ጠፋ። የጎታቹ ሾፌር ሰንሰለቱን ማንኳኳት ጀመረ። በሦስተኛው ግን መኪናዋ ሁለመናዋ ተንቀጠቀጠ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ተነሳች! አዋላጇ እልልታቸውን አቀለጡት። ልብስ ሰፊው ነዳጅ ረገጠ። ሞተሩ አገሳ። ፉጨት የለም። ደግሞ ረገጠ። የለም።

“ፉጨቱ የታለ?” አለ ሾፌሩ። “እኔ የምሰማው ወፍጮ ነው።”

ልብስ ሰፊው ለሦስተኛ ጊዜ ነዳጅ ረገጠ። ወንድሙ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ልክ እንደ አዋላጇ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዚያ ኮፈኑን ዘጋው።

“ውረድ።”

“ጋሼ፣ ሙት! ሁሉንም በቦታው ነው የመለስኩት…”

“ውረድ አልኩህ።”

ወረደ። ወንድምየው ገባ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋ፣ መስታወቱን ነካ ነካ አደረገ፣ ማርሽ አስገባ።

“ኧረ ትገጫለህ!” ብሎ ሾፌሩ ወደ ጎታቹ ሮጠ። ቀይዋ መኪና በበሩና በጎታቹ መካከል በአንድ ስንዝር ሾልካ ወጣችና ወደ ዳገቱ ታጠፈች።

ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ ወደ በሩ በረረ። መጀመሪያ የሞተሩ ግሳት ብቻ ነበር። ከዚያ ዳገቱ ከበዳት መሰለ፣ ግሳቱ ወፈረ፤ ከውስጡም አንዲት ቀጭን ድምፅ እንደ ክር ተመዘዘች። እየቀጠነች፣ እየረዘመች ከጣሪያዎቹ በላይ ወጣች።

“እሷ ናት!” አለ። “እትዬ፣ እሷ ናት! ዳገት ነው የምትፈልገው!”

“ሰማሁ፣ ልጄ፣ ሰማሁ።”

ፉጨቷ ዳገቱ አናት ላይ ማርሽ እስኪቀየር ያህል ተቋረጠች፣ እንደገና ቀጠለች፣ ከተማውን ወደ ኋላ ትታ ወደ ማዶ ወረደች።

“የት ሄደ?” አለ ሾፌሩ፣ የሚጎትተው ያጣውን ሰንሰለቱን ታቅፎ።