ጠብታ እስኪከብድ

እንዳሻው ውሸት አያውቅበትም እያሉ የሚስቁበት ሰዎች ዘንድሮ አፍረዋል። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ የወንድሙን ልጅ የትርሲትን ዓይን ዓይኗን እያየ ዋሽቷታል፤ ያውም ቁርስ እያቀረበላት።

ነገሩ የተጀመረው ግንቦት ላይ ነው። የትርሲት እናት ወንድም ግዛው ከአዲስ አበባ ደወለና፣ «እህቴ ሰገነት ጉበቷ አልቋል፤ ሐኪሞቹ ከወር አታልፍም ብለዋል። ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትል፣ ፈተናዋን ትጨርስ» አለው። ትርሲት ባሕር ማዶ፣ ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር እንዳሻው ቤት ነው የምትኖረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ደመና ስታጠና ቆይታ፣ ዶክትሬቷን የምትቀበልበት የመጨረሻ ፈተና ለሰኔ ተቀጥሮላታል። እንዳሻው ታክሲ ነጂ ነው። ደመና ላይ ምን የሚጠና ነገር እንዳለ ባይገባውም፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና የጫነውን ሰው ሁሉ «የወንድሜ ልጅ ዶክተር ልትሆን ነው» ሳይለው አያወርድም።

እናትየዋ እትዬ ሰገነት በስልክ መነጋገር ሲያቅታቸው፣ «ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» ተባለ። ይቺን ውሸት ማን እንደፈጠራት እንጃ፤ ብልጥ ነው ግን። ጸበል ገባች ሲባል ማን ይመረምራል? ትርሲትም አመነች።

ሁለት ሳምንት አልፎ፣ አንድ እሑድ እትዬ ሰገነት ራሳቸው ስልኩን ከግዛው ተቀበሉ።

«እንዳሻው፣ ልጄን ላክልኝ» አሉት፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ዓይኗን ልየውና ልሂድ።»

«እሺ እትዬ» አላቸው።

እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ስልኩን ዘጋና በቀጥታ ፌርፋክስ ሄደ፤ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ዘርዓብሩክ ምግብ ቤት። ጋሼ ዘርዓብሩክ ሰምተውት ሲያበቁ፣ «ስድስት ዓመት የለፋችበትን፣ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ልታበላሽባት ነው? ሄዳስ ታድናታለች? ፈጣሪ ያቆይላታል። አፍህን ያዝ» አሉት። እንዳሻው ቅልል አለው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የሄደውም እንዲከለክሉት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትርሲትን ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሲያደርሳት፣ ሚራክል ማይል የሚባለው መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ግራጫ ሆኗል። ከተማው በድርቅ ተመቶ የየደጁ ሣር ነዷል።

«ይኼ ደመና ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ አንድ ቀን እንኳ አይዘንብም። ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?» አላት። ዝም ብሎ መቀመጡ ከብዶት ነው።

ትርሲት ሳቀች። «ጋሼ፣ እንፋሎት ዝም ብሎ ጠብታ አይሆንም። አየሩ በእርጥበት ከልኩ በላይ ቢሞላ እንኳ የሚያርፍበት ብናኝ ይፈልጋል፤ የባሕር ጨው፣ አቧራ፣ የመኪና ጭስ። እሱ ላይ ይጠራቀምና ጠብታ ይሆናል። ያ ጠብታ ግን ትንሽዬ ነው፤ ይንሳፈፋል እንጂ አይወርድም። አንድ የዝናብ ጠብታ እንዲወጣ ሚሊዮን ያህሉ መገናኘት አለባቸው።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«አንዱ ከሌሎቹ መክበድ አለበት። የከበደው ቶሎ ይወርዳል፤ ሲወርድ በመንገዱ ያገኛቸውን እየገጨ ይሰበስባል። የዚህ ከተማ ደመና አንደኛ ስስ ነው፣ ሁለተኛ ብናኙ በዛ። ብናኝ ሲበዛ ውሃው ይከፋፈላል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይይዛል፤ ለመውረድ የሚበቃ ክብደት ያለው አይገኝም። ስድስት ዓመት የሠራሁት ይሄንን ነው በቃ።» ከዚያ፣ «እማዬ ከጸበል ስትወጣ ይሄን በምን ቋንቋ ነው የማስረዳት?» አለች።

እንዳሻው አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀበት፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። ነዳ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አወረዳትና እንደ ሁልጊዜው «ጎበዝ» አላት።

እትዬ ሰገነት ከዚያ በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ አረፉ፤ ረቡዕ ተቀበሩ። ፈተናው ዓርብ ነው። ዕድሩ መከረና መርዶው ቅዳሜ ማለዳ እንደ ደንቡ በሽማግሌ እንዲነገራት፣ እስከዚያ ማንም ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳያወጣ ተወሰነ። አርባ የሚሆን ሰው አወቀ። በነዚያ ቀናት ትርሲትን መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ ከወትሮው አጥብቆ አቀፋት፤ አንዷ ዶሮ ወጥ በሳህን ሰጠቻት። ልጅቷ ለፈተናዋ የሚጸልዩላት መስሏት ሁሉንም አመሰገነች።

ዓርብ ትርሲት ፈተናውን አለፈች። «ጋሼ፣ ጋሼ ዘርዓብሩክ ጋ ውሰደኝ፤ ለሁሉም ልንገራቸው» አለችው። ከጓደኞቿ ጋር ታመሻለች ተብሎ ነበር የታሰበው። ምን ብሎ ይከልክላት?

ምግብ ቤቱ ሲገቡ ሰው ሞልቷል፤ የነገውን መርዶ ሊነጋገር የተሰበሰበ። ሁሉም ብድግ አለ። እንኳን ደስ አለሽ ያላት አንድ ሰው አልነበረም። አስተናጋጇ እሌኒ ለእትዬ ሰገነት ከተደረገው ጸሎት መምጣቷ ነው፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ እንደለበሰች ረስታዋለች። ትርሲት ነጠላውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«መቼ?» አለች።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በዪ» አሉ ጋሼ ዘርዓብሩክ።

«ማክሰኞ» አለ እንዳሻው።

ትርሲት አልጮኸችም። በዙሪያዋ የቆሙትን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር» አለች። «ትንሽ ትንሽ ተካፍላችሁ ያዛችሁት።» ከዚያ ወደ እንዳሻው ዞረች። «ፈተናውን ወደ መስከረም እናዛውርልሽ ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ሰኔ ይሁን ያልኩት፤ ቶሎ ጨርሼ እማዬ ጋ ልሄድ። ትኬቴ የሰኞ ነው።»

እንዳሻው የወንበር ጀርባ ያዘ።

«ጠርታኝ ነበር?» አለችው።

ጋሼ ዘርዓብሩክን አያቸው፤ ወለሉን ያያሉ። እሌኒን አያት፤ ፊቷን አዞረች። እናትሽ ራሳቸውን ስተው ነበር ቢላት ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ከአርባ ሰው ውሸታም የሚለው አይገኝም።

«ጠርተውሻል» አላት። «ልጄን ላክልኝ ብለውኝ ነበር።»

«ምን አልካት?»

«እሺ አልኳቸው» አለ።