የእማማ እማዋይሽ ሰሌን

ሰሌኑ የሲሳይነሽ አልነበረም። አማቷ እማማ እማዋይሽ ራሳቸው ቡሬ ገበያ ሄደው፣ ጠርዙ የማይተረተር፣ ሽመናው የጠበቀ መርጠው የገዙት የመቀበሪያቸው ሰሌን ነው። በፍኖተ ሰላም ዕድሜው የገፋ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ በሞቴ ቀን ሰው እንዳይቸገርብኝ ብሎ መገነዣውንና ሰሌኑን አስቀድሞ ያሰናዳል። እማማም ጠቅልለው በልጥ አስረው ቆጥ ላይ አስቀምጠውት ነበር። አልፎ አልፎ አውርደው ፀሐይ ያስመቱታል እንጂ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።

ሲሳይነሽ ግን በየጠዋቱ ታወርደው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከወገቧ ነው። ባሏ ቢሆነኝ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን በዘመተ በዓመቱ፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ከላህ ወንዝ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ስትወጣ አዳለጣት። እንስራው ደቀቀ። እሷም አብራ የደቀቀች መሰላት። ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ካለች ቀና ማለቱ፣ ቀና ካለች ጎንበስ ማለቱ ጭንቅ ሆነባት። ወጌሻ አሳየች፤ ጠበል ገባች፤ ጥቂት ሻል ይላትና ደግሞ ይብስባታል። ገና አንድ ፍሬ ልጅ ሳለች ግድግዳ ይዛ መሄድ ለመደች።

ሕመሙንስ ትችለው ነበር፤ ያልቻለችው ኀፍረቱን ነው። ወንዝ ዳር ሴቶቹ እንስራዋን ሊቀበሏት ሲሽቀዳደሙ ታፍራለች። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሕዝቡ ሣር ላይ ሲቀመጥ እሷ ዛፍ ተደግፋ ትቆማለች፤ ሊቀመንበሩም «ጓዲት፣ ሐሳብ አለሽ እንዴ?» ይላታል፤ ሰው ይስቃል። በየስብሰባው ያንኑ ነው የሚላት፤ በየስብሰባውም ይሳቃል። ምን እንደሚያስቃቸው እንጃ።

ከሁሉ በላይ የምታፍረው ግን እዚያ የሌለውን ሰው ነው። ቢሆነኝ ሲዘምት ስንቁን ተሸክማ፣ ቀጥ ብላ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝታዋለች። «ስመለስ እንዲሁ ቆመሽ ጠብቂኝ» ብሏት ነበር የመኪናው ጭነት ላይ ሆኖ። አሁን ጎብጣ ልትጠብቀው ነው። ስለዚህ ጸሎቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱን በሰላም አምጣልኝ፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት ግን ወገቤን መልስልኝ።

ያን ጊዜ ልብስ የምታጥብላቸው ህንዶች ነበሩ። ባልየው ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተምራል፤ ሚስቱን ሚስስ ናየርን ሰፈሩ «ህንዷ» ይላታል። አንድ ቀን ሲሳይነሽ ገንዳው ላይ ጎንበስ እንዳለች ቀና ማለት ሲያቅታት አየቻትና እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ወለሉ ላይ ጠንከር ያለ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አጠገቡ ድቡልቡል ትራስ፣ ሰፊ ቀበቶ፣ ጡብ የሚያህሉ እንጨቶች፣ አንድ ዱላ። ሚስስ ናየር በየጠዋቱ እዚያ ላይ ሰውነቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ዮጋ ይባላል አለቻት። ሲሳይነሽ እንደ እሷ ጎንበስ ልትል ሞክራ እጇ ከጉልበቷ አላልፍ ሲል አፍራ ልትወጣ ነበር።

«እጅ መሬት አልደረሰም? ችግር የለም» አለቻት ህንዷ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «መሬት ወደ እጅ ይመጣል።» እንጨቱን አንስታ ከእጇ ሥር አቆመችላት።

ሲሳይነሽን እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ሌላው ሁሉ አይዞሽ ይላታል፤ ወይም ይስቅባታል። እስከ መስከረም ድረስ ተማረች። በመስከረም የሰውየው ውል አለቀና ህንዶቹ ምንጣፋቸውንም ትራሳቸውንም ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

ቤት ስትሞክረው አልሆነላትም። እበት በተለቀለቀው ወለል ላይ አጎዛው ይንሸራተታል፤ ቁርበቱ ከሥሯ ይጠቀለላል። ዓይኗን ብታነሳ ቆጡ ላይ ያለው ሰሌን ታያት። ኃጢአት እንዳይሆን ብላ ፈራች፤ ግን አወረደችው። ሰሌኑ ወለሉን ይዞ ንቅንቅ አላለም። በቀበቶው ፋንታ መቀነቷን፣ በእንጨቱ ፋንታ በርጩማ፣ በትራሱ ፋንታ የተጠቀለለ ጋቢ፣ በዱላው ፋንታ የበሩን መወርወሪያ አደረገች። እግር ወደ ላይ ሲነሳ ቀሚስ አያስተማምንምና የቢሆነኝን ቁምጣ ታጠልቃለች። በመወርወሪያው ስትሠራ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች፤ እንደጨረሰች ወዲያው መወርወሪያውን መልሳ ትቀረቅራለች። ሰው ቢያያት ምን ትላለች? ባሏ ጦር ሜዳ፣ እሷ በሱ ቁምጣ፣ በአማቷ የሬሳ ሰሌን ላይ፣ እግሯን ሰቅላ!

እማማ እማዋይሽ ከኅዳር ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አብዝተዋል። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነው። «ነፋሱ ነው» ይላሉ። ልጃቸው ናፍቋቸው ይሆናል ትልና ታልፈዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ቤቱ ባዶ በመሆኑ ደስ ይላታል። ደግሞ በክራንች ከጦር ሜዳ የተመለሰ፣ ክንዱ የሚባል ጎረቤት አላቸው። ከቢሆነኝ ጋር አንድ ላይ ነበር የዘመተው። ባየችው ቁጥር ስለ ባሏ ልትጠይቀው ታስባለች፤ እሱ ግን ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። በእግሩ አፍሮ ነው ብላ ታዝንለታለች። ኀፍረት የያዘው ሰው እንዲህ ነው፤ ሌላውም ሁሉ በዚያው የተያዘ ይመስለዋል።

አማትና ምራት አይዋደዱም ባይባልም ፍቅራቸው የሚታይ አልነበረም። የእማማ ምላስ አይጣል ነው። «በኛ ጊዜ ወገብ የሚሉት ነገር አልነበረም» ይሏታል፤ ሲሳይነሽም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ልጅ አልወለደችላቸውም፤ ውሃ እንደ ሰው አትቀዳላቸውም፤ ምን አፍ አላት?

በመጋቢት አንድ ማለዳ እንደ ልማዷ መወርወሪያውን ከበሩ ነቅላ፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ተንጠራራች። አስቀመጠችውና በርጩማውን ፊቷ አድርጋ ጎንበስ አለች። እጇ በርጩማውን አልፎት ሊሄድ ፈለገ። ገፋችው። ጣቶቿ ወርደው ወርደው ሰሌኑን ነኩ። ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ግድግዳ አልያዘችም፤ ምንም አልወጋትም። ደግማ አደረገችው። ምንም። ብቻዋን ሳቀች። አሁን ይምጣ አለች በልቧ፤ ዛሬ ቢመጣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ከደስታዋ ብዛት መወርወሪያውን መመለስ ረሳች።

የቀራት የመጨረሻው ዕረፍት ነው። በጀርባዋ ተጋደመች፤ ጋቢውን ከጉልበቷ ሥር አደረገች፤ ህንዷ እንዳሳየቻት እግሮቿ እንዳይከፈቱ በመቀነቱ አሰረች፤ ብርሃን እንዳይረብሻት ነጠላውን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ አለመንቀሳቀስ ነው።

በዚያው ሰዓት ቀበሌው ድንገተኛ ስብሰባ ጠርቶ ጥበቃዎቹ በፊሽካ ሕዝቡን ወደ ሜዳው ይነዱት ነበር። እማማ እማዋይሽም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ምራታቸውን ሊወስዱ ተመለሱ። በሩን ገፋ ቢያደርጉት ተከፈተ።

እስቲ ምን እንዳዩ አስቡት። ልጅቱ በጀርባዋ ተጋድማለች፤ ፊቷ ተሸፍኗል፤ እግሯ ታስሯል፤ ከሥሯ ያ ሰሌን።

«ኧረ ማን ገነዛት!» ብለው ጮኹ። «ኧረ ልጄን ማን ገነዘብኝ!»

ሲሳይነሽ ያኔውኑ መነሳት ነበረባት። ኀፍረት ግን ከወለሉ ጋር አጣበቃት። ቁምጣው ትዝ አላት፤ ሰሌኑ ትዝ አላት፤ እግሯ እንደ ታሰረ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች። ትንሽ ቆይተው ለእርዳታ ወደ ውጭ ይወጡ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልብሴን እለብሳለሁ ብላ ትንፋሿን ዋጠች። አሮጊቷ ግን አልወጡም። ከበሩ ሥር ተደፍተው ደረታቸውን መደለቅ ጀመሩ።

«የኔ ጨዋ! የኔ ታጋሽ! ስታቃስት እየሰማሁ እንዳልሰማሁ የሆንኩብሽ! ወልጄ ያላገኘኋት ልጄ!»

ከነጠላው ሥር ሲሳይነሽ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ እንዲህ ሲሏት ሰምታ አታውቅም። ልነሳ፣ ልነሳ ትላለች፤ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ልስማ ትላለች። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ በራስ ለቅሶ ላይ ተጋድሞ ምስጋና መልቀም። ቢሆንም ጣማት። እማማም ድምፃቸውን አውጥተው ሙሾ ገቡ፦

«ልጄን ሳላለቅስ ቀብሬው በሆዴ፣
አንቺን ጨመረብኝ፣ ይኸ ነው ወይ ፍርዴ!»

መጀመሪያ አልገባትም። የማንን ልጅ? እማማ ከአንድ ልጅ በቀር የላቸውም።

«ቢሆነኝዬ፣ አርባህን ሳላወጣ!» አሉ እማማ። «ሚስትህ እንዳትሄድብኝ ብዬ ሞትህን የደበቅሁ! ይኸው ፈጣሪ እሷንም ወሰደልህ!»

ሲሳይነሽ ነጠላውን ከፊቷ ገፍፋ ተቀመጠች።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ፤ ወደ ኋላ ሸሽተው ከግድግዳው ጋር ተጣበቁ። ወደ ስብሰባው ይጓዝ የነበረው ሰፈርተኛ ጩኸቱን ሰምቶ ደጁን ሞልቶታል። ፊት የገባችው ጎረቤታቸው ሀብትነሽ ነበረች።

«ማን ሞተሳ?» አለች፣ አንዴ ወደ አሮጊቷ አንዴ ወደ ሲሳይነሽ እያየች።

ሲሳይነሽ የምታየው አማቷን ብቻ ነው።

«መቼ ነው እማማ?»

«ኅዳር ሚካኤል ሰሞን» አሉ እማማ፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ክንዱ ነው ያረዳኝ። ለሚስቱ እኔ እነግራታለሁ ብዬ አስማልሁት። ልጅ የላት፣ ከሰማች ወደ ወንድሞቿ ትሄድብኛለች ብዬ … ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል … አፈርሁ ልጄ። ከዘገየ በኋላ ደግሞ መዘግየቱ አሳፈረኝ።»

ከሰው ኋላ ክንዱ ክራንቹ ላይ አቀርቅሮ ቆሟል። ሚስትን ከባሏ መርዶ መከልከል በዚያ አገር ቀላል ነውር አይደለም። ሴቶቹ እማማን ሊሰድቧቸውም ሊያባብሏቸውም አልደፈሩ፤ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ። ወለሉ ላይ ደግሞ በርጩማውና መወርወሪያው፣ የታሰሩት እግሮችና የሟች ቁምጣ ነበሩ። ስለ ቁምጣው የጠየቀ፣ የሳቀም የለም።

ሲሳይነሽ መቀነቱን ፈታች። ቋጠሮው ባንዴ ተፈታላት፤ ለዚያም አፈረች። አራት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ስትንጠራራ፣ ለሞተ ሰው ስትታጠፍ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስትስቅ ነበር። ተነስታ ቆመች፤ ከዚያ ከሆዷ ጥልቅ አንድ ጩኸት ወጣ፤ ደረቷን መታች፤ መሬት ላይ ልትወድቅ ተወረወረች።

«ወገቧን!» አለች ሀብትነሽ። «ኧረ ወገቧን ያዟት፣ በሽተኛ ናት!»

ሴቶቹ ተረባርበው ከግራም ከቀኝም ወገቧን ያዙ።

«ልቀቁኝ» አለች ሲሳይነሽ። «ልቀቁኝ፣ ወገቤ ድኗል።»

የገዛ ድምፅዋን ሰማችው። የምሥራች እንደሚናገር ሰው ነበር ያለችው። አስፋልቱ ዳር፣ ከመኪናው ሲወርድ ልትነግረው ያስቀመጠችው ቃል ነው፤ አሁን ለለቀስተኛ ነገረችው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሴቶቹም ወገቧን አልለቀቁም።